ስለ ብረት ጠቋሚ መሣሪያና ስለ ሐሰተኛ ድምፁ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ የሳይንስ ክበብን በመወከል የተደረገ ንግግር)



የመረጥሁት ነገር በመሬት ውስጥ ወይም በሌላ ስፍራ የተሰወረውን ብረት በድምፅ የሚያስታውቀው መሣሪያ ነው። ብረት ስል መዳብንም ወርቅንም ጨምሬ ነው። መሣሪያው ስለሚያገኘው ሀብት ብዙ ሰው ያወራል፤ እኔ ግን የምናገረው በከንቱ ስለሚጮኽበት ጊዜ ነው።

አሠራሩ በአጭሩ እንዲህ ነው። በተጠቀለለ ሽቦ ውስጥ ቶሎ ቶሎ የሚለዋወጥ ኤሌክትሪክ ሲያልፍ በዙሪያው የማግኔት ኃይል ይፈጠራል። ይህ ኃይል ብረት ሲያገኝ በብረቱ ውስጥ ትንሽ ኤሌክትሪክ ያስነሣል፤ ያም በተራው የራሱን የማግኔት ኃይል ስለሚመልስ መሣሪያው ተቀብሎ ይጮኻል። እንግዲህ ከጩኸቱ ብቻ ወርቅ ይሁን የጠርሙስ ክዳን በእርግጥ ማወቅ አይቻልም። ውሻችን ሌሊት ሲጮኽ ሌባ ይሁን ጅብ፥ ወይስ አምሽቶ የመጣ ጎረቤት፥ ወጥቶ የሚያይ ሰው እንደሚያስፈልግ ሁሉ ይህም እንደዚያው ነው።

ወጥቶ የሚያይ በመጥፋቱ ምን እንደሚሆን አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ጁላይ 2 ቀን 1881 ዓ.ም. የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጄምስ ጋርፊልድ በዋሽንግተን ባቡር ጣቢያ ከበስተኋላቸው በጥይት ተመቱ። ራጅ የተገኘው ከዚያ በኋላ በ1895 ዓ.ም. ስለ ሆነ ጥይቱ ከሰውነታቸው ውስጥ የት እንደ ቀረ የሚያሳይ ነገር አልነበረም። በ1876 ዓ.ም. ለቴሌፎን የባለቤትነት መብት የተሰጠው አሌክሳንደር ግራሃም ቤል ይህን በሰማ ጊዜ ሽቦና የቴሌፎን ማዳመጫ አያይዞ ጥይት የሚፈልግ መሣሪያ ሠራ። በእርስ በርስ ጦርነት ቈስለው ጥይት በገላቸው በቀረባቸው ወታደሮች ላይም ሞከረው፤ ሠራም።

በፕሬዚዳንቱ ላይ ግን ሁለት ጊዜ ተሞክሮ አልተሳካም። በመጀመሪያው ቀን የመሣሪያው አንድ ክፍል በትክክል አልተያያዘም ነበር። በሁለተኛው ቀን ደካማ ድምፅ ሰፋ ባለ ስፍራ ላይ ተሰማ። በኋላ ሲጠየቅ ከፍራሹ ሥር ሌላ የብረት ሽቦ ፍራሽ መኖሩ ታወቀ! በአዳሪ ቤት የምንኖር ተማሪዎች የምንተኛበትን የሽቦ አልጋ ብናስብ ነገሩ ይገባናል። ብዙ ጸሐፊዎች ጥፋቱን ሁሉ በአልጋው ላይ ያደርጉታል፤ ለእኔ ግን የሚበልጠው ምክንያት ሌላ ይመስለኛል። ዋናው ሐኪም ዊላርድ ብሊስ ጥይቱ በስተቀኝ ነው ብለው አስቀድመው ስለ ወሰኑ ፍለጋው በዚያ ወገን ብቻ ተደረገ፤ ያ ደካማ ድምፅም ለአሳባቸው ምስክር ሆኖ ተቈጠረ። ፕሬዚዳንቱ ሴፕቴምበር 19 ቀን ከሞቱ በኋላ ሬሳቸው ሲመረመር ጥይቱ በስተግራ ተገኘ። የገደላቸውም በይበልጥ በቍስሉ የገባው መመረዝ እንደ ሆነ ዛሬ የታወቀ ነው፤ ሐኪሞቹ ያልታጠበ ጣታቸውን እየሰደዱ ቍስሉን ይፈልጉበት ነበርና።

ወደ መሬቱ ልመለስ። መሬት ራሱ የሚያስጮኽበት ጊዜ አለ። የአገራችን ደጋ ብዙው ክፍል የተሸፈነበት ባዛልት የተባለው ጥቁር ድንጋይ የማግኔት ጠባይ ያለው የብረት ማዕድን ስላለበት መሣሪያውን ሊያታልል ይችላል። ስለዚህ ሠራተኛው ከመጀመሩ በፊት ብረት በሌለበት ስፍራ መሣሪያውን ከፍና ዝቅ እያደረገ ከአፈሩ ጋር ያስማማዋል። የኤሌክትሪክ መስመር በቀረበ ጊዜም ኃይሉን ይቀንሳል። ድምፅ ሲሰማ ደግሞ በአንድ ወገን ብቻ አልፎ አያምንም፤ ዞሮ በሌላ ወገን ያልፍበታል። እውነተኛው ድምፅ በሁለቱም መንገድ በዚያው ስፍራ ይደገማል፤ የዛገ ምስማር ግን ብዙ ጊዜ ከአንድ ወገን አምሮ ይጮኽና ከሌላው ይቈራረጣል።

ይህ ሁሉ ሳንቲም ለሚፈልግ ሰው ይበቃዋል፤ ቢሳሳት የሚጠፋው የአንድ ሳንቲም ዋጋ ነው። ፈንጂ ለሚያነሣ ሰው ግን አይበቃም። በ1990 ዓ.ም. በተጀመረው የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት በድንበሩ አካባቢ ብዙ ፈንጂ ተቀብሯል፤ የጦር ሜዳውም ቀለህና የጥይት ስብርባሪ የሞላበት ነው። ከፈንጂዎችም ውስጥ ሰውነታቸው ፕላስቲክ ሆኖ ያላቸው ብረት ከአንድ ግራም የማይበልጥ አሉ። ስለዚህ መሣሪያው አጥብቆ እንዲሰማ ይደረጋል፤ አጥብቆ በሰማ መጠንም በከንቱ ይጮኻል። ፈንጂ አንሺው «ይህስ ቀለህ ነው» ብሎ ማለፍ አይፈቀድለትም፤ እያንዳንዱን ድምፅ እንደ ፈንጂ ቈጥሮ ተንበርክኮ አፈሩን ከጎን በቀስታ ይከፍታል። በቀን ውስጥ ደጋግሞ የሚያገኘው ቍርጥራጭ ብረት ቢሆንም የሚቀጥለውን እንደ መጀመሪያው መፍራት አለበት። ከጀግንነት ሁሉ ይህ ይከብዳል እላለሁ።

በታንዛንያ በሞሮጎሮ ከተማ ለዚህ ሥራ ትልልቅ አይጦች ይሠለጥናሉ። አይጧ የምታሸተው የፈንጂውን ባሩድ እንጂ ብረቱን ስላልሆነ በምስማርና በቀለህ አትታለልም። ክብደቷም ቀላል ስለ ሆነ ብትረግጠው አይፈነዳም።

ክበባችን የሠራው ትንሽ መሣሪያ ከአዳራሹ በስተኋላ ባለው ጠረጴዛ ላይ ከምስማር፥ ከባዛልት ድንጋይና ከአንድ ሣጥን አፈር ጋር ተዘጋጅቷል። ለመሞከር የምትመጡ ወላጆች ሁሉ ሰዓታችሁን፥ ቀለበታችሁንና ቍልፋችሁን በበሩ ላይ ለቆመው ጓደኛችን እንድትሰጡ በትሕትና እንለምናለን።