የተሸጡ ልጆችና የተቀበሏቸው ቤቶች

በዳውንታውን ኦክላንድ በሕፃናት አገልጋዮች ምረቃ ላይ የተደረገ ንግግር

በ19ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ሳን ፍራንሲስኮ የተሸጡ ሕፃናት የሚገቡበት ወደብ ነበር። በደቡብ ቻይና ችግር የጸናባቸው ወላጆች ሴት ልጆቻቸውን ለደላላ ይሸጡ ነበር፤ ደላላውም በሐሰት ወረቀት ባሕር ያሻግራቸዋል። ልጅቱ በሕፃንነቷ በሰው ቤት ያለ ደመወዝ ትሠራለች፤ ከፍ ስትል ደግሞ ለሴተኛ አዳሪ ቤት ትሸጣለች። ይህን ንግድ ያሞቀው የደላሎች ክፋት ብቻ አልነበረም። በ1875 የወጣው የፔጅ ሕግና በ1882 የጸደቀው የቻይናውያን እገዳ ሕግ (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካ የሚሠሩት ቻይናውያን ሚስቶቻቸው እንዳይገቡ በር ዘጉ። በሺህ የሚቆጠሩ ወንዶች ያለ ቤተሰብ ቀሩ፣ የአንዲት ልጅ ዋጋም በዚያው ልክ ናረ። እገዳው የተነሣው በ1943 ነው። ስለዚህ ልጆቹን የበደላቸው ሻጩና ገዢው ብቻ ሳይሆኑ ሕግ አውጪውም ጭምር ነበር።

የፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን ሴቶች በ1874 በሳን ፍራንሲስኮ ቻይናታውን ለነዚህ ልጆች መጠለያ ከፈቱ። ዶናልዲና ካሜሮን በ1895 ስፌት ልታስተምር፣ ለአንድ ዓመት ብቻ ብላ ወደዚያ ቤት መጣች። የወጣችው በ1934 ጡረታ ስትገባ ነው። አሠራሩ እንዲህ ነበር፦ ተደብቆ የተላከ ወረቀት ወይም የጎረቤት ጥቆማ ይደርሳል፤ የመጠለያው ሴቶች ፖሊስ አስከትለው ይሄዳሉ፤ ልጅቱን ከተሸሸገችበት ያወጧታል። ከባዱ ሥራ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። ገዢው በማግስቱ ጠበቃ ይዞ ይመጣል፣ ልጅቱ ጌጥ ሰርቃለች ብሎም የእስር ማዘዣ ያወጣባታል። ስለዚህ ካሜሮን በልጆቹ ስም ከፍርድ ቤት የሞግዚትነት ወረቀት ታወጣ ነበር። ያ ወረቀት በእጅ ከሌለ ልጅቱ ተመልሳ ገዢዋ እጅ ትገባለች።

በሚያዝያ 1906 ከተማዋ በመሬት መንቀጥቀጥ ስትፈርስና እሳት ሲዛመት ልጆቹ ከቤቱ ወጥተው ነበር። ካሜሮን ግን በዚያው ሌሊት ወታደሮች የሚጠብቁትን መንገድ አልፋ ወደ ቤቱ ተመለሰች፤ የልጆቹን መዝገብና የሞግዚትነት ወረቀቶች ይዛ ወጣች። ከጥቂት ጊዜ በኋላ እሳቱን ለመግታት ሲባል ሕንፃው በድማሚት ፈረሰ። ልጆቹ በጀልባ ባሕረ ሰላጤውን ተሻገሩ፤ በኋላም በሳን ፍራንሲስኮ ሳክራሜንቶ ጎዳና አዲሱ ሕንፃ በ1908 ተሠርቶ እስኪያልቅ ኦክላንድ ተጠለሉ። ሕንፃው ዛሬም በስሟ ካሜሮን ሃውስ ተብሎ አገልግሎት ይሰጣል።

ኦክላንድ ከዚያ በኋላም ከዚህ ሥራ አልወጣችም። ትንንሾቹን ልጆች ከሴተኛ አዳሪ ቤት ከወጡት ወጣቶች ለይቶ ማሳደግ እንደሚያስፈልግ በተግባር ስለታየ፣ በ1925 በሚልስ ኮሌጅ አጠገብ ጁሊያ ሞርጋን በነደፈችው ሕንፃ የሚንግ ኮንግ የልጃገረዶች ቤት ተከፈተ። ባፕቲስቱ ቻርልስ ሼፐርድም በ1923 ለቻይናውያን ወንዶች ልጆች ቹንግ ሜይ የተባለውን ቤት በበርክሌይ አቋቋመ። ከእነዚህ ልጆች ብዙዎቹ የተሸጡ አልነበሩም። ወላጅ የሞተባቸው ወይም ቤተሰባቸው የፈረሰባቸው ነበሩ፤ በዚያ ዘመን ነጮች የሚያስተዳድሯቸው የሕፃናት ማሳደጊያዎች የቻይናን ልጅ አንቀበልም ይሉ ነበር።

ይህ ታሪክ ጥላም አለው። በመጠለያው በር ይቆለፍ ነበር፣ መውጣትና መግባት በፈቃድ ነበር፤ ባል የሚመረጠው በኃላፊዎቹ ይሁንታ ነበር። ገንዘብ ለማሰባሰብ የሚጻፉት ጽሑፎችም የልጆቹን ሕዝብ በጅምላ ጨለማ ውስጥ ያለ አድርገው ይስሉ ነበር። ለልጁ አዝኖ ሕዝቡን መናቅ ልጁን መልሶ ያቆስላል፤ ልጁ ያደገበትን ቋንቋና የእናቱን ምግብ እንዲያፍርበት ያደርጋልና።

የመጠለያው እውነተኛ ፍሬ የታየው ቲየን ፉህ ዉ በተባለች ልጅ ላይ ነው። አባቷ ሸጧት በሕፃንነቷ ሳን ፍራንሲስኮ ገባች፤ እየተደበደበች በሰው ቤት ስትሠራ ቆይታ በ1894 ወደ መጠለያው ደረሰች። ካሜሮን በመጣችበት ዓመት እዚያው ነበረች። ወደ ምሥራቁ የአሜሪካ ክፍልና ወደ ካናዳ ሄዳ ተማረች፣ ተመልሳም ለአሥርት ዓመታት አስተርጓሚ፣ ሞግዚትና የካሜሮን ቀኝ እጅ ሆነች። አዲስ የገባች ልጅ በራሷ ቋንቋ የምታዋያት ሰው ነበረቻት። ካሜሮን ያለ እርሷ ይህን ያህል መሥራት መቻሏ ያጠራጥራል፤ በታሪክ የገነነው ግን የአንደኛዋ ስም ነው።

ኢትዮጵያዊ አድማጭ ይህን ሲሰማ ምጽዋን ያስታውሳል። በኢሉባቦር የተወለደው ሂካ በልጅነቱ ተሰርቆ ከእጅ ወደ እጅ ሲሸጥ ቆይቶ በ1870 ምጽዋ ላይ ነፃ ወጣ። የስዊድን ወንጌላዊት ሚሲዮን ተቀብሎ አስተማረው፤ በ1872 ሲጠመቅ ኦኔሲሞስ ተባለ። መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ለመተርጎም ሲነሣ ግን ከባድ ችግር ገጠመው፤ ከአገሩ የወጣው በልጅነቱ ነውና ቋንቋው ሳስቶበት ነበር። ያን ክፍተት የሞላችው አስቴር ጋኖ ናት። እርሷም ተሸጣ ወደ ዓረብ ባሕረ ገብ መሬት ስትጫን በ1886 የኢጣሊያ መርከብ ያስጣላት ልጅ ነበረች። ቋንቋውን አብራው አደራጀች፣ መዝገበ ቃላት አዘጋጀች፣ የሕዝቡን ዘፈን፣ ተረትና እንቆቅልሽ ከቃሏ ጻፈች። አዲስ ኪዳኑ በ1893፣ ሙሉው መጽሐፍ በ1899 ታተመ። በ1904 ወደ ወለጋ ከገቡ በኋላ በነቀምቴ ልጆችን አስተማሩ። ሚሲዮኑ ዳቦና መኝታ ብቻ ሰጥቶ ቢያበቃ ኖሮ ከዚህ ሁሉ አንዱም ባልተገኘ ነበር። የሕፃናት አገልግሎት መለኪያው ስንት ልጅ ገባ የሚለው ብቻ ሊሆን አይችልም፤ የገባው ልጅ አድጎ ሌላውን ለመቀበል በቃ ወይ ተብሎም መጠየቅ አለበት።

ወደ ኦክላንድ ሲመለሱ ሌላ ቤተ ክርስቲያን አለ። ዌስት ኦክላንድ የባቡር ሠራተኞችና የመርከብ ፋብሪካ ላብ አደሮች ሰፈር ነበር፤ በ1957 የሳይፕረስ አውራ ጎዳና መሐል ለመሐል ከፈለው። ቄስ ኧርል ኒል በሚያገለግሉበት በቅዱስ አውግስጢኖስ ኤጲስቆጶሳዊ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ፣ የጥቁር አሜሪካውያን መብት ታጋይ የሆነው የብላክ ፓንተር ፓርቲ በጥር 1969 ለተማሪዎች የነፃ ቁርስ ጀመረ። የሰበካው አባል የዳንስ መምህርቷ ሩት ቤክፎርድ እናቶችን አስተባበረች። በመጀመሪያው ቀን የመጡት 11 ልጆች እንደነበሩና በሳምንቱ መጨረሻ 135 እንደደረሱ ቄሱ አስታውሰዋል። ልጆቹ ክፍል ውስጥ ማንቀላፋታቸውንና ሆዴን ማለታቸውን እንደተዉም ከትምህርት ቤቱ ተመሰከረ። በስሙ የፓርቲ እንጂ የሚሲዮን ሥራ አልነበረም፤ አዳራሹን፣ ምድጃውንና እናቶቹን ግን የሰጠው ቤተ ክርስቲያን ነው። የፌዴራሉ የትምህርት ቤት ቁርስ በ1966 በሙከራ የተጀመረ ሲሆን ቋሚ የሆነው በ1975 ነው።

ዛሬ የሚመረቁት አገልጋዮች የሚሠሩባት ከተማ ከዚህ ታሪክ አልራቀችም። በምሥራቅ ኦክላንድ በኢንተርናሽናል ቡሌቫርድ ዕድሜያቸው ያልደረሰ ልጃገረዶች ለወሲብ ንግድ መቅረባቸው ዓመታት ያስቆጠረ እውነት ነው። የሕጉ አቋም ግን ተለውጧል። ከጥር 2017 ጀምሮ በካሊፎርኒያ ከ18 ዓመት በታች የሆነች ልጅ በሴተኛ አዳሪነት አትከሰስም፤ እንደ ተበዳይ ትታያለች። ወላጆቻቸው የሌሊት ፈረቃ የሚሠሩ የስደተኛ ልጆች፣ በእንግሊዝኛ የሚመጣውን ደብዳቤ ለወላጆቻቸው የሚያነቡላቸው ልጆች፣ ቅዳሜና እሑድ በየቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ የሚሰበሰቡት ናቸው። ደላላ የሚፈልገው ማታ ስልኩን ብቻ ይዞ የሚቀመጠውን፣ የት ነህ ብሎ የሚጠይቀው ያጣውን ልጅ ነው። ስለዚህ አገልጋዩ ሁለት ጊዜ የቀረን ልጅ ቤቱ ድረስ ሄዶ ይጠይቃል፤ ከእናቱም ጋር በአማርኛ ወይም በትግርኛ ይነጋገራል፣ የትምህርት ቤቱንም ወረቀት አብሮ ያነባል።

ልጅ መበደሉን የጠረጠረ አገልጋይ በሽምግልና ይታይ ብሎ ማሳደር አይችልም። በካሊፎርኒያ ሕግ መምህራን፣ ካህናትና ፓስተሮች ጥርጣሬያቸውን የማሳወቅ ግዴታ አለባቸው፤ በንስሐ የተሰማ ብቻ ለካህኑ የተለየ ነው። ማሳወቂያው ወዲያውኑ በስልክ ለካውንቲው የሕፃናት ጥበቃ ወይም ለፖሊስ ይደርሳል፣ በጽሑፍ ደግሞ በ36 ሰዓት ውስጥ ይከተላል።