«አደገኛ ያልሆነ» ስንል፦ ስለ አንዲት ታዳጊ መንጋጋና ስለ ቤተሰቧ

(ለፋኩልቲው መምህራን፣ ተማሪዎችና ተጋባዥ እንግዶች የቀረበ ንግግር ሙሉ ጽሑፍ)



እንድናገር የተጋበዝሁት ስለ መንጋጋ ዕጢና ስለ መልሶ ግንባታ ቀዶ ሕክምና ነው። በዚህ ርእስ የሚናገር ሰው አብዛኛውን ጊዜ ፎቶግራፍ ያሳያል። እኔ ይዤ አልመጣሁም። የምናገርላትን ልጅ ፊት በዚህ አዳራሽ ግድግዳ ላይ ለማሳየት ፈቃድ የለኝም፤ ብጠይቃትም የምትሰጠኝ አይመስለኝም። ማንነቷን የሚያስለዩ ነገሮችን ለውጫለሁ፤ የእኔን ስሕተት ግን እንዳለ ትቼዋለሁ።

ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ እኛ ስትመጣ የ13 ዓመት ልጅ ነበረች። ከአባቷና ከእናቷ ጋር ከገጠር ነው የመጣችው። በግራ በኩል፣ በታችኛው መንጋጋዋ ላይ፣ በጣት ሲነካ ጠንካራ የሆነ እብጠት ነበር፤ ሕመም የለውም። በአቅራቢያቸው ባለ ክሊኒክ «መግል ነው» ተብሎ ሁለት መንጋጋ ጥርሶቿ ተነቅለዋል። የነቀለውን ባለሙያ አልወቅሰውም፤ ኤክስሬይ በሌለበት ስፍራ ለሚሠራ ሰው ያበጠ ድድ ሁሉ መግል ይመስላል። ከዚያ ቀጥሎ ጠበል ገብታለች። ይህን የማነሣው ለመንቀፍ አይደለም፤ እንዲያውም «ይህ በሽታ ትልቅ ሐኪም ቤት የሚያየው ነው፤ ወደ አዲስ አበባ ውሰዷት» ብላ ቤተሰቡን ያሳሰበችው እዚያው ጠበሉ ቦታ ልጇን የምታስታምም አንዲት ሴት ነበረች።

ኤክስሬዩ ላይ የሳሙና አረፋ የሚመስል ጥላ አየን፤ ስፋቱ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ነበር። ናሙና ወስደን ላክን። ውጤቱ አሜሎብላስቶማ ሆነ።

ውጤቱን የነገርኋቸው እኔ ነኝ። አባቷ ወንበር ብሰጣቸውም አልተቀመጡም፤ ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆሙ። «አባቴ፣ ደስ ይበልዎት፤ ካንሰር አይደለም። አደገኛ ያልሆነ ዕጢ ነው» አልኋቸው። እናቷ እዚያው ምርመራ ክፍሉ ውስጥ እልል አሉ። ከእልልታው በኋላ ዕጢው በቀዶ ሕክምና መውጣት እንዳለበት፣ የመንጋጋው አጥንትም አብሮ እንደሚቆረጥ፣ ሳይዘገዩ መምጣት እንዳለባቸው ተናግሬአለሁ፤ በካርዷም ላይ በእጅ ጽሑፌ ተጽፎ ይገኛል። ቀጠሮ ተሰጣቸው። በቀጠሯቸው አልመጡም። ያየኋቸው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው።

እዚህ ላይ ታሪኩን ላቁምና ስለ ቃሉ ልናገር። በሙያችን «ቤናይን» የምንለው ቃል መነሻው ላቲን ነው፤ በዚያ ቋንቋ ደግ፣ ቸር ማለት ነው። እኛ ለሕዝብ ስንተረጉመው «አደገኛ ያልሆነ» እንላለን። የፓቶሎጂ ባለሙያው ቃሉን ሲጽፍ የሚመልሰው ጥያቄ አንድ ነው፤ ይህ ዕጢ ወደ ሌላ አካል የመሰራጨት ጠባይ አለው ወይስ የለውም? አሜሎብላስቶማ፣ እጅግ ጥቂት ከሆኑ አጋጣሚዎች በቀር፣ የለውም። ባለበት ቦታ ግን ቸር አይደለም። የሚነሣው ጥርስን ከሚሠሩት ሕዋሳት ቅሪት ነው፤ ኢናሜል የምንለውን የጥርስ ውጫዊ ጠንካራ ሽፋን ከሚያበጁት የሕዋሳት ወገን ማለት ነው። ሥራቸውን ጨርሰው መጥፋት ሲገባቸው መንጋጋ ውስጥ የቀሩት ሕዋሳት ናቸው እንደገና የሚነሡት። ከሚከሠቱት አሜሎብላስቶማዎች አብዛኞቹ፣ ከአምስቱ አራቱ ያህል፣ በታችኛው መንጋጋ ውስጥ ይገኛሉ፤ የሚበዛውም ከኋላ ጥርሶች አካባቢ ነው። እድገቱ ዝግ ያለ፣ ለረጅም ጊዜም ሕመም የሌለው ነው። ሰው የሚዘናጋውም ስለዚህ ነው፤ የማያምም ነገር ሲቆይ ይለመዳል።

ዕጢው ኤክስሬይ ላይ በሚታየው ጠርዝ አይቆምም። በስፖንጅ መሰሉ የአጥንት ክፍል ውስጥ እንደ ሥር ይሰርጋል። ዕጢውን ፍቆ ብቻ ማውጣት የተሠራባቸው ሕሙማን ከግማሽ በላይ በሚሆኑት ላይ ተመልሶ እንደመጣ ብዙ ዘገባዎች ያሳያሉ። ስለዚህ ከሚታየው ጠርዝ 1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር አልፈን ጤነኛ የሚመስለውን አጥንት ጨምረን እንቆርጣለን። (ለተማሪዎች፦ በታዳጊዎች ላይ ባለ አንድ ከረጢት የሆነው ዓይነት በርከት ብሎ ይታያል፤ እርሱ አንዳንድ ጊዜ ከዚህ በቀለለ መንገድ ሊታከም ይችላልና ናሙናውን በጥንቃቄ አንብቡ። የዚህች ልጅ ግን ያ አልነበረም።) እ.ኤ.አ. በ2014 ዓ.ም. ብዙዎቹ የታችኛው መንጋጋ አሜሎብላስቶማዎች ቢራፍ በተባለው ጂን ላይ አንድ ዓይነት ለውጥ እንዳላቸው ታወቀ፤ በዚያ ላይ ያነጣጠሩ መድኃኒቶች በአንዳንድ ሕሙማን ላይ ዕጢውን እንዳሳነሱ ዘገባዎች ወጥተዋል። ተስፋ ነው። በእኛ ክፍል በዚያን ጊዜ በእጃችን የነበረው ግን መጋዝና ስፌት ነበር።

ወደ ቤተሰቡ ልመለስ። ሲመለሱ ከተማ የሚኖር አጎቷ አብሯቸው ነበር። ዕጢው 10 ሴንቲ ሜትር ደርሶ፣ አገጯን አልፎ ወደ ቀኝ ተሻግሯል። ጥርሶቿ ተነቃንቀዋል፤ የምትበላው ገንፎና በሽሮ የራሰ ፍትፍት ብቻ ነው። ትምህርት ቤት መሄድ አቁማለች። ፊቷን በነጠላ እስከ ዓይኗ ሸፍና ከእናቷ ጀርባ ተቀመጠች።

አጎቷ እንዲህ ሲል ጠየቀኝ፦ «ዶክተር፣ አደገኛ አይደለም ብለዋቸው አልነበረም?»

በቁጣ አልጠየቀኝም። ማወቅ ፈልጎ ነው። በኋላ ከአባቷ ጋር ስንነጋገር ነገሩ ተገለጠልኝ። ለሕክምና ሊሸጡት ያሰቡት አንድ በሬ ነበር። የዘር ወቅት ደርሷል። ሐኪሙ ልጅቱ አደገኛ ነገር የለባትም ብሏል። ከተማ ገብቶ መሰንበት ለአስታማሚም ለታማሚም ገንዘብ ይጠይቃል። በሬው ለእርሻው ተረፈ። እስኪ ራሳችሁን በእርሳቸው ቦታ አስቀምጡና ስሌቱ የት ላይ እንደተሳሳተ ንገሩኝ። እኔ አላገኘሁትም። የተሰጣቸው መረጃ ልክ ቢሆን ኖሮ ውሳኔያቸው ልክ ነበር። በየሪፖርቱ «ቤተሰቡ በግንዛቤ እጥረት ዘገየ» ብለን የምንጽፈውን ዓረፍተ ነገር ከዚያን ቀን ወዲህ መጻፍ ከብዶኛል።

አሁን የሚጠብቃት ቀዶ ሕክምና የመጀመሪያው አልነበረም። በ3 ሴንቲ ሜትር ጊዜ ቢሆን የሚቀረው ክፍተት 5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ከዳሌ አጥንት ቆርሰን በታይታኒየም ፕሌት አስረን ልንሞላው እንችል ነበር። ክፍተቱ ከ6 ሴንቲ ሜትር እጅግ ሲያልፍ የራሱ ደም ሥር የሌለው አጥንት የመሟሟትና የመመረዝ ዕድሉ ይጨምራል። ፕሌት ብቻውን ቢተው ደግሞ ከጊዜ በኋላ ሊሰበር ወይም ቆዳውን ገፍቶ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ ከባት ጎን ያለውን ቀጭን አጥንት፣ ፊቡላን፣ ከነደም ሥሩ ማምጣት ግድ ሆነ። ይህን ዘዴ ለታችኛው መንጋጋ መልሶ ግንባታ መጠቀሙን ሒዳልጎ የተባለው አሜሪካዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1989 ዓ.ም. ካሳተመ ወዲህ በዓለም ተስፋፍቷል። አጥንቱ በሁለት ሦስት ቦታ ተሰንጥቆ የመንጋጋን ቅርጽ እንዲይዝ ይታጠፋል፤ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር የሚሰፋው ደም ሥሩ በማይክሮስኮፕ ሥር፣ ከፀጉር በቀጠነ ክር፣ ከአንገት ደም ሥር ጋር ይሰፋል።

ይህን ስናገር አባቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። «ፊቷን ልታድኑ እግሯን ልታሰናክሉብኝ ነው?» አሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። የገጠር ልጅ እግር ውኃ ይቀዳል፣ ዳገት ይወጣል፣ ትምህርት ቤት ያደርሳል። ሱሪዬን ሰብስቤ በራሴ ባት ላይ አሳየኋቸው፦ የሰውነትን ክብደት በአብዛኛው የሚሸከመው ይህ ወፍራሙ ነው፤ እኛ የምንወስደው ይህን ቀጭኑን ነው፤ ቁርጭምጭሚቱ እንዳይላላ ደግሞ ከታችም ከላይም እንተዋለን። ሳምንታት በምርኩዝ ትሄዳለች፤ የእግሯ አውራ ጣት ሊደክም፣ ሲበርድ ሊያማት ይችላል። የተሰፋው ደም ሥር ሊዘጋ፣ ሁሉም ከንቱ ሊሆን እንደሚችልም ነገርኋቸው። በመንጋጋ ውስጥ የሚያልፈው ነርቭ አብሮ ስለሚቆረጥ የታችኛው ከንፈሯ እንደሚደነዝዝም ነገርኋቸው። እናቷ ወደ ኮሪደር ጠርተውኝ «ይህችን የከንፈሯን ነገር ለእሷ አይንገሩብኝ» ብለው ለመኑኝ።

በሕጋችን 18 ዓመት ያልሞላው ሰው በራሱ አይፈርምም፤ የስምምነቱን ቅጽ የፈረሙት አባቷ ናቸው። ሦስት ቀን በተካሄደው ምክክር አባት፣ እናት፣ አጎት፣ በስልክ ደግሞ አንድ የነፍስ አባት ተሳትፈዋል። እሷን የጠየቀ ሰው አልነበረም፤ እኔም ጭምር። የጠየቀቻት የማታ ተረኛዋ ነርስ ነች። በማግሥቱ ነርሷ መጥታ «ልጅቱ የሚነግራት ሰው ትፈልጋለች» አለችኝ። ከእናቷ ጋር ተነጋግረን፣ እርሳቸው እያለቀሱ ከተስማሙ በኋላ፣ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኋት፤ የከንፈሯንም ጭምር። እንጀራ መብላት እችላለሁ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ስስቅ አፌ ይጣመማል ወይ አለች። የምትስቅበት ነርቭ ሌላ መሆኑን፣ እንደምንጠነቀቅለት፣ ሆኖም ሊጎዳ እንደሚችል ነገርኋት። ቀጥላ እንዲህ አለች፦

«ያኔ ትንሽ ሳለ ቢቆርጡልኝ ኖሮ እግሬን ይነኩት ነበር?»

«አንነካውም ነበር» አልኋት።

ዝም አለች። ከዚያ የትምህርት ምዝገባው መቼ እንደሚያልቅ ጠየቀችኝ።

ቀዶ ሕክምናው 11 ሰዓት ፈጀ። አንዱ ቡድን መንጋጋውን ሲቆርጥ ሌላው እግሯ ላይ ይሠራል፤ ዝርዝሩን በተግባር ክፍለ ጊዜ ታዩታላችሁና አልገባበትም። በሬው በመጨረሻ ተሽጧል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ብዙውን ወጪ ሸፍኖላቸው ነበር፤ ፕሌቱን ግን ከውጭ መግዛት ነበረባቸው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነርሶች በየሰዓቱ እየመጡ የተተከለው ሥጋ መሞቁንና መቅላቱን ሲያዩ እናቷ ከአልጋው ሥር በሰሌን ላይ ተቀምጠው ሰዓቱን ይቆጥሩ ነበር፤ አንድ ሌሊት ነርሷ ስትዘገይ ሄደው የቀሰቀሷት እርሳቸው ናቸው። መስተዋት አልሰጠናትም ነበር። በዘጠነኛው ቀን የአጎቷን ስልክ ተቀብላ በካሜራው ፊቷን ለረጅም ጊዜ አየች፤ ምንም ሳትናገር መለሰችለት።

ዛሬ እንጀራ ትበላለች። ዘጠነኛ ክፍል ገብታለች። አጥንቱ ላይ ጥርስ ለመትከል ዋጋው ከአቅማቸው በላይ ስለሆነ የሚወልቅ ሰው ሠራሽ ጥርስ ነው ያላት። ከንፈሯ ደንዛዛ ስለሆነ ምግብ አገጯ ላይ ሲቀር አይሰማትም፤ ለዚህ ሁልጊዜ መሐረብ ትይዛለች። ዳገት ስትወጣ ግራ እግሯ ቀድሞ ይደክማል። «ተሳክቷል» ብለን በመዝገባችን የጻፍነው ይህን ነው፤ እውነትም ተሳክቷል።

በክፍላችን ከዚያ ወዲህ የለወጥነው ጥቂት ነገር ነው። እኔ «አደገኛ ያልሆነ» ማለት ትቻለሁ። አሁን የምለው ይህን ነው፦ «ካንሰር አይደለም፤ ወደ ሌላ አካል አይዘልም። ነገር ግን አጥንቱን እየበላ ያድጋል። በራሱ አይቆምም፤ በኪኒንም አይጠፋም። አሁን ከመጡ የምንቆርጠው ይህን ያህል ነው፤ ከቆየ ይህን ያህል» ብዬ በራሴ መንጋጋ ላይ በጣቴ አሳያለሁ። ከዚያ «እቤት ሲገቡ ለጎረቤት ምን ብለው ይነግሯቸዋል?» ብዬ እጠይቃለሁ፤ የሚሰጡኝ መልስ ምን ያህል እንደተሳሳትሁ ብዙ ጊዜ ያሳየኛል። ከተማ የሚኖር ዘመድ ስልክም እንመዘግባለን። ልጁ ወይም ልጅቱ 12 ዓመት ከሞላቸው ውይይቱ ላይ እንዲቀመጡ እናደርጋለን፤ ሕግ ስላስገደደን አይደለም።

አንድ የማከብረው ባልደረባዬ በዚህ አይስማማም። ቤተሰብን ማስፈራራት ቤተሰብን ያሸሻል ይላል። እውነት አለው። በአዲሱ አነጋገሬ ከነገርኋቸው መካከል፣ አጥንት ይቆረጣል የሚለውን ሰምተው በዚያው የቀሩ አንዲት እናት አሉ፤ በዘመዳቸው ስልክ ሦስት ጊዜ ደውለናል። ለባልደረባዬ የምሰጠው የተሟላ መልስ የለኝም።

አሜሎብላስቶማ ከ10 ዓመት በኋላም ሊመለስ ስለሚችል ልጅቱ በየዓመቱ ትመጣለች። ባለፈው የመጣችው ከአባቷ ጋር ነበር። ካርዷን ከጠረጴዛዬ ላይ አንሥታ የእጅ ጽሑፌን እያነበበች «ቤናይን» የሚለውን ቃል ምን ማለት እንደሆነ ጠየቀችኝ። ነገርኋት። ወደ አባቷ ዞር ብላ በራሷ አነጋገር አስረዳቻቸው፤ እርሳቸውም ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙ። ቀጣዩ ቀጠሮዋ ከመስቀል በኋላ ነው።