ጉልበት፣ ዳሌና የሥራ ውል
ሪያድ፣ ሹመይሲ ለተሰበሰቡ የኮንትራት ሠራተኞች የተደረገ ንግግር



ስለ ደመወዝና ስለ ፓስፖርት ብዙ ተነጋግረናል፤ ዛሬ ስለ ጉልበታችሁ እናገራለሁ። የሕግ ሰው እንጂ ሐኪም አይደለሁም። ነገር ግን ተንበርክኮ ወለል ሲወለውል፣ ከባድ ዕቃ ተሸክሞ ደረጃ ሲወጣ የሚውል ሰው የሚታመመው በሥራው ምክንያት ሊሆን ስለሚችል፣ ነገሩ የውል ጉዳይም ነው።

በጉልበት መገጣጠሚያ ላይ የአጥንቶቹን ጫፍ የሚሸፍነው ለስላሳ ልባስ እየሳሳ ሲሄድ፣ መጀመሪያ የሚታየው ደረጃ ሲወርዱ የሚሰማ ሕመምና ጠዋት ለጥቂት ደቂቃ የመገተር ስሜት ነው። እግሩ እንደ ቀስት ወደ ውጭ የጎበጠ ሰው ጫናው በጉልበቱ ውስጠኛ ጎን ይበዛበታል፤ ጉልበቶቹ የሚነካኩበት ደግሞ በውጭኛው።

ዳሌ እዚህ ምን አገባው ትሉ ይሆናል። በአንድ እግር ስንቆም ዳሌያችን እንዳያዘነብል የሚይዙት በጎኑ ያሉት ጡንቻዎች ናቸው። እነርሱ ሲደክሙ ዳሌው ወደ ተነሣው እግር ይወርዳል፤ ይህም በቆመው ጉልበት ውስጠኛ ጎን ላይ ጫና ይጨምራል ተብሎ ይታሰባል። በ2010 እ.ኤ.አ. የታተመ የአውስትራሊያ ጥናት ዳሌን ማጠንከር ሕመምን እንደሚቀንስና እንቅስቃሴን እንደሚያሻሽል አሳይቷል፤ በጉልበቱ ላይ ያረፈው ጫና ግን አልቀነሰም። ስለዚህ እንቅስቃሴውን ሥሩ፤ የጎበጠ እግር አቀናለሁ ለሚል ሻጭ ግን ገንዘባችሁን አትስጡ። በጎናችሁ ተኝታችሁ የላይኛውን እግር ቀጥ አድርጋችሁ በዝግታ ማንሣትና ማውረድ ነው፤ መኝታ ክፍል ይበቃል። ሕመሙ ከባሰ አቁሙ።

አሁን ወደ ሕጉ። በ2024 እ.ኤ.አ. ሥራ ላይ የዋለው የሳዑዲ የቤት ሠራተኞች ደንብ የቀን ሥራ ከ10 ሰዓት እንዳይበልጥ ያዛል፤ በሳምንት 24 ሰዓት ተከታታይ ዕረፍትም ይሰጣል። በሐኪም ማስረጃ የሕመም ፈቃድ መጠየቅ መብት እንጂ ልመና አይደለም። ባለ ረጅም እጀታ መወልወያ እንዲገዛላችሁ አሠሪያችሁን ጠይቁ፤ ርካሽ ነውና ብዙዎች እምቢ የሚሉ አይመስለኝም።

እዚሁ ሹመይሲ ባለው የንጉሥ ሳዑድ ሕክምና ከተማ ወይም በሌላ ጤና ተቋም ስትታዩ፣ ምን ዓይነት ሥራ እንደምትሠሩና በቀን ስንት ሰዓት እንደምትንበረከኩ ለሐኪሙ ንገሩት። የሕክምና ወረቀቱን ሳትቀበሉ አትውጡ። ዋናው በእጃችሁ ይቆይ፤ አሠሪው ፈቃዱን ከከለከላችሁ ቅጂውን ከውላችሁ ጋር ወደ ቢሮአችን አምጡ። በዓረብኛ መጻፉ አያሳስባችሁ።