ፈቅደን የምንቀበለው የስልክ መልዕክት በማን እጅ ነው?
(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)

የበዓሉ አዘጋጅ ኮሚቴ ስለ ሞባይል ስልክና ስለ ገበሬው አጠር ያለ ንግግር እንዳቀርብ ጠይቆኛል። እንደተለመደው ስለ ማዳበሪያ መጠንና በመስመር ስለ መዝራት ባወራ ለእኔ ይቀለኝ ነበር። ይሁን እንጂ ዩኒየናችን ለአባላቱ በስልክ የጽሑፍ መልዕክት የሚልክበትን አገልግሎት በዘንድሮው ዕቅዱ ውስጥ ይዟል። አገልግሎቱ ከመጀመሩ በፊት ልንነጋገርበት ይገባል የምለው አንድ ጉዳይ ስላለ እሱን ማንሳት መርጫለሁ። አንድ ሰው ወድዶና ፈቅዶ "ይላክልኝ" ያለውን መልዕክት፣ መልዕክቱን የሚያደርሰው አካል በመሐል ገብቶ "ይህ አይደርስህም" ሊለው ይችላል ወይ?

አጭር ቁጥር የምንለውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ ብዙ ገበሬ በነፃ እየደወለ የግብርና ምክር ያዳመጠበት 8028 አጭር ቁጥር ነው። ለታላቁ ሕዳሴ ግድብ "ኤ" የምትለዋን የላቲን ፊደል የላክንበት 8100ም እንዲሁ። ሰው ራሱ ፈልጎ ወደ ቁጥሩ ይልካል ወይም ይደውላል፤ ማንም በግድ አይጎትተውም። እንግዲህ ይህ ዓይነት ቁጥር የፖለቲካ መልዕክት ሲያስተላልፍ ምን እንደሚመጣ በጉልህ የታየው በአሜሪካ ነውና ታሪኩን ከዚያ ልጀምር።

በአሜሪካ አሠራሩ እንዲህ ነው። አንድ ማኅበር ወይም አንድ ለምርጫ የሚወዳደር ሰው አምስት ወይም ስድስት አሃዝ ያለው ቁጥር ይከራያል። ደጋፊው አንድ ቃል ጽፎ ወደዚያ ቁጥር ሲልክ ይመዘገባል፤ ከዚያ በኋላ መልዕክት ይደርሰዋል። ሲሰለቸው "ይቁም" የሚል ቃል ይልካል፤ ይቆምለታል። ነገር ግን ቁጥሩን መከራየት ብቻውን አይበቃም። እያንዳንዱ የስልክ ኩባንያ ቁጥሩን በራሱ መስመር ላይ መክፈት አለበት። አንዱ ኩባንያ "አልከፍትም" ካለ የዚያ ኩባንያ ደንበኛ የሆነ ሁሉ፣ ቢፈልግም ባይፈልግም፣ ቀረበት ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2007 ናራል ፕሮ-ቾይስ አሜሪካ ይባል የነበረ፣ ለውርጃ መብት የሚከራከር ማኅበር በዚህ መንገድ ለደጋፊዎቹ መልዕክት ለመላክ ጠየቀ። ሌሎቹ ትልልቅ የስልክ ኩባንያዎች ፈቀዱ። ቬራይዘን ዋየርለስ ግን ከለከለ። ምክንያቱም ለአንዳንድ ደንበኞች አከራካሪ ወይም ደስ የማያሰኝ ሊሆን የሚችል ይዘት ኩባንያው በራሱ ውሳኔ ላለማስተላለፍ መብት አለው የሚል ነበር። ወሬው ሴፕቴምበር 27 ቀን 2007 በኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጣ ወጣ። በእኛ አቆጣጠር መስከረም 16 ቀን 2000 ዓ.ም. መሆኑ ነው፤ እኛ ደመራ በምንለኩስበት ዕለት። ኩባንያው በዚያው ቀን ክልከላውን አነሣ። መመሪያው አቧራ የጠጣ የቆየ የውስጥ መመሪያ እንደነበረና በስሕተት እንደተተረጎመም ገለጸ።

እኔ እዚህ ስለ ውርጃ ልከራከር አልመጣሁም። በመካከላችን ቄሶችም ሼሆችም ተቀምጠዋል፤ እያንዳንዳችሁም የየራሳችሁ አቋም አላችሁ። እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። የአሜሪካ ክርስቲያን ጥምረት የሚባለውና ውርጃን አጥብቆ የሚቃወመው ድርጅት፣ በዚያው ዓመት ኦክቶበር ወር ላይ ከናራል ጋር አብሮ በዋሽንግተን ፖስት ጋዜጣ ላይ ጽሑፍ አወጣ። በምንም ነገር የማይስማሙ ሁለት ወገኖች በዚህ አንድ ነገር ተስማሙ። ዛሬ የእሷን መልዕክት ያገደ ኩባንያ ነገ የእኔን እንዳያግድ ምን ይከለክለዋል የሚል ስሌት ነው። ባላንጣን ከባላንጣ ያስማማ ጉዳይ ቀላል ጉዳይ አይደለም።

ለመሆኑ ሕጉ ምን ይላል? በአሜሪካ ተራ የስልክ ጥሪ የሚያደርስ ኩባንያ ልክ እንደ ሕዝብ ማመላለሻ ይቆጠራል፤ ለከፈለ ሁሉ እኩል ማገልገል አለበት። የአውቶቡስ ሾፌር "የምትሄድበትን ለቅሶ አልወደድኩትም" ብሎ መንገደኛ እንደማያወርደው፣ የስልክ ኩባንያም የምትናገረውን ስላልወደደ ጥሪህን አያቋርጥም። የጽሑፍ መልዕክት ግን በዚህ ሕግ ስር ይውደቅ አይውደቅ ግልጽ አልነበረም። በመሆኑም የመብት ተሟጋች ድርጅቶች በዲሴምበር 2007 ለአገሪቱ የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን አቤቱታ አቀረቡ። መልስ የተገኘው በዲሴምበር 2018 ነው። አሥራ አንድ ዓመት! (የእኛ የመሬት ክርክር ብቻ ነው የሚረዝመው ለምትሉ ይህን ያዙልኝ።) ኮሚሽኑም በሦስት ድምፅ ለአንድ የጽሑፍ መልዕክትን ከጥሪ ለይቶ "የመረጃ አገልግሎት" ሲል መደበው። ይህም ኩባንያዎቹ ያልተጠየቀ የማስታወቂያ ውርጅብኝ እንዲያግዱ ይረዳል አለ። የተቃወሙት ደግሞ ሰው የጠየቀውን መልዕክትም ለማገድ በር ይከፍታል አሉ።

እዚህ ላይ የራሴን ልናገር። ቬራይዘን በዚያው ቀን ሐሳቡን መለወጡ መልካም ነው፤ ሆኖም መብት ተከበረ ማለት አይደለም። ትልቅ ጋዜጣ ስለጮኸ ተፈቀደ እንጂ የሚያስገድድ ሕግ ስለነበረ አልተፈቀደም። ጋዜጣ የማይጮኽለት፣ ሦስት መቶ አባል ያለው የገጠር ማኅበር ቢሆን ኖሮስ? በሰው ይሁንታ የተገኘ ነገር በሰው ፊት መጥቆር ይወሰዳል።

መልዕክቱ ምን ያህል ጉልበት እንዳለው በሚቀጥለው ዓመት ታየ። በኦገስት 2008 ባራክ ኦባማ ጆ ባይደንን ምክትል አድርጎ መምረጡን ለደጋፊዎቹ የነገረው በሌሊት በተላከ የስልክ መልዕክት ነው። ኒልሰን የተባለው የጥናት ድርጅት 2.9 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደደረሰው ገምቷል። ሁሉም ቁጥራቸውን ፈቅደው የሰጡ ነበሩ።

ከእናንተ መካከል "ታዲያ ሁሉም ይለቀቅ ወይ?" የሚል እንደሚኖር አውቃለሁ፤ ጥያቄው ተገቢ ነው። ጎረቤታችን ኬንያ መልሱን በመከራ ተምራለች። እ.ኤ.አ. በ2007 መጨረሻ ከተካሄደው ምርጫ በኋላ በተነሣው ግጭት ከአንድ ሺህ በላይ ሰው ሞቷል፤ ጎሳን በጎሳ ላይ የሚያነሣሡ የስልክ መልዕክቶችም ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወሩ ነበር። ስለሆነም ለ2013 ምርጫ ሲዘጋጁ፣ በ2012 በወጣ መመሪያ የፖለቲካ የጅምላ መልዕክት ከመላኩ 48 ሰዓት በፊት ለስልክ ኩባንያው ቀርቦ እንዲታይ ተደረገ። ደም የፈሰሰበት አገር ይህን ቢያደርግ አልፈርድበትም። ነገር ግን ለሺዎች በጅምላ የሚበተን መልዕክት አንድ ነገር ነው፤ አንድ ሰው ራሱ ፈልጎ የተመዘገበበት መልዕክት ሌላ ነገር ነው። ሁለቱን በአንድ ወንፊት መንፋት ስንዴውን ከእንክርዳዱ ጋር መድፋት ይሆናል።

በእኛም አገር የሚታወስ ነገር አለ። በ1997 ዓ.ም. ምርጫ ማግሥት የጽሑፍ መልዕክት አገልግሎት በመላ አገሪቱ ተቋርጦ፣ ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ፣ በሚሊኒየማችን መባቻ ተመለሰ። እኔ በዚያን ጊዜ ገና ፊደል የምቆጥር ልጅ ስለነበርኩ የማውቀው ከታላላቆቼ ሰምቼ ነው። ልብ በሉ፤ የእኛ መልዕክት በተከፈተበት ወር ነው አሜሪካኖቹ ስለ አንድ ማኅበር መልዕክት የተጨቃጨቁት። መንገዱ በሙሉ ሲዘጋ ፖለቲካው ብቻ አይደለም የሚቀረው። የለቅሶ መርዶ፣ የሠርግ ጥሪ፣ የገበያ ዋጋም አብሮ ይቀራል።

አሁን ወደ ቤታችን ልመለስ። ነገሩን ያመጣሁት ስለ ስልክ ኩባንያ ለማማረር አይደለም። ዩኒየናችን አገልግሎቱን ሲጀምር እሱ ራሱ መልዕክት አድራሽ ይሆናል። የአባላት ስልክ ቁጥር ዝርዝር በአንድ ቢሮ ውስጥ ይቀመጣል። ያንን ዝርዝር የያዘ ሰው ማን ምን እንዲሰማ የመወሰን ሥልጣን ያዘ ማለት ነው።

በኅብረት ሥራ ውስጥ ፖለቲካ የለም እንላለን። የፓርቲ ፖለቲካ መኖር የለበትም፤ እውነት ነው። ነገር ግን የቦርድ ምርጫ አለ። ትርፍ ይከፋፈል ወይስ መጋዘን ይሠራበት የሚል ክርክር አለ። ምርቱን ለየትኛው ገዢ እንሽጥ የሚል አለ። አንድ አባል አንድ ድምፅ የምንለው አባሉ ሁለቱንም ወገን ሰምቶ ድምፅ ሲሰጥ ነው። ነባሩ የቦርድ አባል በዩኒየኑ መልዕክት ሥራውን እያስተዋወቀ፣ አዲሱ ተወዳዳሪ በእግሩ ከቀበሌ ቀበሌ እየዞረ ከተወዳደሩ ምርጫው ከመደረጉ በፊት አልቋል።

ስለዚህ ሐሳቤ ይህ ነው። በምዝገባ ቅጹ ላይ አባሉ የሚፈልገውን እየለየ ምልክት ያድርግ፤ የገበያ ዋጋ፣ የግብዓት መድረስ፣ የስብሰባ ጥሪ፣ የተወዳዳሪዎችና የአከራካሪ ጉዳዮች መልዕክት። የመጨረሻውን የመረጠ ሰው ከሁሉም ተወዳዳሪ እኩል ይድረሰው። እኩል ስል ርዝመቱንም ጭምር ነው። በግዕዝ ፊደል የተጻፈ አንድ መልዕክት የሚይዘው ሰባ ፊደል ብቻ ነው፤ በላቲን ፊደል ሲሆን ግን 160 ይይዛል። አማርኛን በላቲን የሚጽፉ ሰዎች የበዙት አንድም በዚህ ምክንያት ነው። ነገር ግን በዚያ መልክ የተጻፈውን ብዙ አባላችን አያነበውም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ተወዳዳሪ በግዕዝ ፊደል ሦስት መልዕክት ቢፈቀድለት፣ ወጪውንም ዩኒየኑ ቢሸፍን ፍትሐዊ ይመስለኛል። ስድብና ሰውን በሰው ላይ የሚያነሣሣ ቃል ይታገድ። ሆኖም ያገደው ሰው ምክንያቱን በጽሑፍ ይስጥ፤ የቁጥጥር ኮሚቴውም በሁለት ቀን ውስጥ አይቶ ይወስን። "አልተመቸንም" የሚል ምክንያት ግን ምክንያት አይባል።

የወረዳ አመራሮቻችን ይቅርታ ያድርጉልኝና አንድ ነገር ልጨምር። አባሉ ቁጥሩን የሰጠው የእህል ዋጋ እንዲነገረው ነው። በዚያው ዝርዝር የቀበሌ ስብሰባ ጥሪ፣ የመዋጮ ማሳሰቢያና የመሳሰለው ከተላከበት ሁለተኛ መልዕክት መክፈቱን ይተዋል። ያን ጊዜ የተምች ማስጠንቀቂያም አብሮ ሳይነበብ ይቀራል፤ እኔ እንደ ዲኤ የምፈራው ይህንን ነው። የመንግሥት መልዕክትም ቢሆን አባሉ በቅጹ ላይ ከፈቀደ ብቻ ይሂድ። "ይቁም" ያለ አባል ቁጥሩ በዚያው ቀን ከዝርዝሩ ይውጣ፤ ለምን ወጣህ ተብሎም አይጠየቅ።

ሌላው ስለ ሴቶች አባሎቻችን ነው። በብዙ ቤት ስልኩ አንድ ነው፤ ያለውም በባልየው ኪስ ነው። እሷ በስሟ ዕጣ ገዝታ አባል ከሆነች መልዕክቱ ለእሷ የሚደርስበት መንገድ መፈለግ አለበት። የራሷ ስልክ ከሌላት እሷ በመረጠችው ሰው ስልክ ይመዝገብላት፤ ጸሐፊው ገምቶ የባሏን ቁጥር አይጻፍባት። ማንበብ ለማይችሉ አባላትም 8028 እንዳደረገው በድምፅ የተቀረጸ መልዕክት ቢዘጋጅ ይረዳል። አለበለዚያ አባትየው መልዕክቱን የሚሰማው ልጁ ከትምህርት ቤት ሲመለስ አንብቦለት ነው፤ ልጁ ደግሞ የወደደውን ያነባል፣ ያልወደደውን ይዘላል። እሱም በበኩሉ ትንሽ የስልክ ኩባንያ ሆነ ማለት አይደል? (ሳቅ)

የቅጹን ረቂቅ አዘጋጅቼ ለየመሠረታዊ ማኅበራቱ ጸሐፊዎች ሰጥቻለሁ። አንድ ገጽ ብቻ ነው። ከጠቅላላ ጉባኤው በፊት አንብባችሁ ወይም አስነብባችሁ የሚጨመረውንና የሚቀነሰውን ለቁጥጥር ኮሚቴው እንድታስታውቁ በአክብሮት እጠይቃለሁ።