ማብቂያ ቀን የሌለው ውፍረት
ከጂንካ ለሬዲዮ አድማጮች የተደረገ ንግግር

ዛሬ ልነግራችሁ ያሰብሁት ስለ ሰውነት ውፍረት ነው። ነገሩ ቀላል መስሎ ይታይ ይሆናል። በአገራችን ሰው ሲወፍር «ተስማምቶሃል» ተብሎ ይመሰገናል፤ ሲከሳ ግን «ምን ነካህ? አመመህ እንዴ?» ተብሎ ይታዘንለታል። እኔም ይህን ምስጋና ዐሥራ አምስት ዓመት ያህል ስቀበል ኖሬ፣ ወዴት ይወስደኝ እንደ ነበር ዘግይቼ ስለ ተረዳሁት፣ ያየሁትን ለእናንተ ማካፈል ግዴታዬ ሆኖ ተሰማኝ።

ስለዚህ ነገር ለመናገር ደግሞ ደቡብ ኦሞ የተገባ ስፍራ ነው። ከጂንካ ወደ ምዕራብ፣ በሳላማጎ ወረዳ፣ በኦሞ ወንዝ አካባቢ ባለው ቆላ፣ ራሳቸውን ሜኤን ብለው የሚጠሩ፣ ሌላው ሰው ግን ቦዲ የሚላቸው ከብት አርቢዎች ይኖራሉ። እነዚህ ሰዎች በሰኔ ወር ገደማ የአዲስ ዓመት በዓል ያከብራሉ፤ ስሙም ቃኤል ይባላል። በዓሉ ከመድረሱ ስድስት ወር ያህል አስቀድሞ፣ ከየጎሣው ያላገባ አንድ ወጣት ተመርጦ በጎጆ ውስጥ ይቀመጣል። ከብት አይጠብቅም፤ ከሴትም ይርቃል። ምግቡ ወተትና የከብት ደም ነው። ደሙ የሚወሰደው ከብቱ ሳይታረድ፣ የአንገቱ የደም ሥር ተወግቶ ሲሆን፣ ቁስሉ በጭቃ ይደፈናል። ደሙ ሳይረጋ መጠጣት ስላለበት ወጣቱ የሚጨልጠው በፍጥነት ነው። ቀኑ ሲደርስ የተመረጡት ወጣቶች ጭቃና አመድ ተቀብተው፣ መራመድ እስኪቸግራቸው ድረስ ከብደው ይወጣሉ። በሽማግሌዎች ፊት ለብዙ ሰዓት ከዞሩ በኋላ ከሁሉ የወፈረው ይታወቃል፤ ሽልማቱም ገንዘብ ሳይሆን ዕድሜ ልክ የሚቆይ ክብር ነው።

ይህን የምነግራችሁ የሰው ልማድ መሳቂያ እንዲሆን አይደለም። ከብት ሀብትም ክብርም በሆነበት አገር፣ የወፈረ ልጅ የጎሣው በረት ምን ያህል እንደ ሞላ የሚናገር ምስክር ነው። እንዲህ ያለውን አመጋገብ ሐኪም አይመክረውም። ነገር ግን በዚህ ልማድ ውስጥ እኛ የከተማ ሰዎች የሌለን አንድ ነገር አለ፤ እርሱም ማብቂያ ቀን ነው። የቦዲው ወጣት መወፈር የሚጀምርበት ጊዜ የታወቀ ነው፤ የሚያቆምበትም የታወቀ ነው። በዓሉ ሲያልፍ ወደ ከብቱ፣ ወደ ማሽላው፣ ወደ ረጅሙ መንገዱ ይመለሳል፤ ሆዱም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እየጎደለ ይሄዳል። ልዩ መድኃኒት አይወስድም፤ የሚያከሳው የዘወትር ኑሮው ነው።

አሁን የእኔን ታሪክ ከዚህ ጋር አስተያዩት። ወደ ጂንካ የመጣሁት በመንግሥት ሥራ ሲሆን፣ ያን ጊዜ ቀጭን ጎልማሳ ነበርሁ። ከቤቴ እስከ መሥሪያ ቤቴ ያለውን፣ በእግር ሩብ ሰዓት የማይፈጀውን መንገድ በባጃጅ እሄድ ነበር። እስከ ቀትር ከወንበሬ አልነሣም። ሻዬ በአራት ማንኪያ ስኳር ነው። ማታ ከጓደኞቼ ጋር ጥብስና ቢራ፣ በዕረፍት ቀን ጥሬ ሥጋና አረቄ፤ ቤቴም ስገባ ባለቤቴ እንዳይከፋት ብዬ እንደ ገና ራት እበላለሁ። ከዚህ ሁሉ አንዱም ድግስ መስሎ አልታየኝም፤ የዘወትር ኑሮዬ ነበር። ልዩነታችንም እዚህ ላይ ነው። ቦዲውን የዘወትር ኑሮው ያከሳዋል፤ እኔን ያወፈረኝ የዘወትር ኑሮዬ ነው። ስለዚህ የምመለስበት ሌላ ኑሮ አልነበረኝም፤ አዲስ መሥራት ነበረብኝ።

ይህን ያስተዋልሁት በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። ታናሽ ልጄ ከከተማው በላይ፣ በኮረብታው ላይ ወዳለው ሙዚየም ውሰደኝ ብላኝ፣ እጇን ይዤ ወጣሁ። ግማሽ መንገድ ሳልደርስ ትንፋሼ ቢያጥረኝ ከድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ። በዚያን ጊዜ ከገበያ የሚመለሱ የአሪ እናቶች ሸክማቸውን በጀርባቸው አዝለው፣ እየተጫወቱ በአጠገባችን አልፈው ዳገቱን ወጡ። ልጄም «አባባ፣ እነርሱ ለምን አይደክማቸውም?» ብላ ጠየቀችኝ። መልስ አጣሁ።

በሳምንቱ ወደ ሐኪም ሄድሁ። ክብደቴ 96 ኪሎ፣ የደም ግፊቴ 160 በ100 ሆኖ ተገኘ፤ የደሜም ስኳር ወደ በሽታ ወሰን ተጠግቶ ነበር። ሐኪሙ አልተቈጣኝም። ስንት ዓመት እንደዚህ እንደ ኖርሁ ጠየቀኝና ነገርሁት። ከዚያም «መቼ ለማቆም አስበዋል?» አለኝ። እስከዚያ ቀን ድረስ ይህን ጥያቄ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም፤ እኔም ራሴን ጠይቄ አላውቅም።

ሐኪሙ እንዳስረዳኝ፣ ከሁሉ የሚከፋው በሆድ ውስጥ ጉበትንና አንጀትን ከቦ የሚቀመጠው ስብ ነው። ይህ ስብ የደም ግፊትን፣ የስኳር በሽታንና የልብ በሽታን ይጋብዛል። ለመለካትም የልብስ ሰፊ ሜትር ይበቃል። በዓለም ጤና ድርጅት መለኪያ የወንድ ወገብ ከ94 ሳንቲ ሜትር፣ የሴት ከ80 ሲበልጥ አደጋው ይጀምራል፤ የወንድ ከ102፣ የሴት ከ88 ሲያልፍ ደግሞ እጅግ ይበረታል። ነገር ግን ተስፋ የሚሰጥ ነገር አለ። ከመጠን በላይ የወፈረ ሰው ከክብደቱ ከመቶ 5 እስከ 10 እጁን ብቻ ቢቀንስ እንኳ፣ የደም ግፊቱና የደሙ ስኳር ሊሻሻሉ ይችላሉ። ቀጭን ወጣት መሆን አያስፈልግም።

ሥራዬን ከመጠጥ ጀመርሁ። 300 ሚሊ ሊትር የሚይዝ አንድ ጠርሙስ ለስላሳ መጠጥ 30 ግራም ያህል ስኳር አለበት፤ ይኸውም ሰባት የሻይ ማንኪያ መሆኑ ነው። የአልኮል መጠጥም ቢሆን ምግብ አይደለም ብለን እንታለላለን እንጂ፣ አንድ ግራም ስብ 9 ካሎሪ፣ አንድ ግራም ስኳር 4 ካሎሪ ሲሰጥ፣ አንድ ግራም አልኮል 7 ይሰጣል። ለስላሳውን ተውሁ፤ የሻዬን ስኳር በየሁለት ሳምንቱ በአንድ ማንኪያ እየቀነስሁ አስቀረሁት፤ ቢራውንም ለዓመት በዓል ብቻ አደረግሁት። እንጀራና ቆጮ ጠላቶቼ አይደሉም፤ መጠኑን ግን አሳነስሁና በምትኩ ጎመንና በአገሩ ቆላ የሚበቅለውን የሽፈራው ቅጠል ጨመርሁ። ሁለተኛውንም ራት ለባለቤቴ ምክንያቱን ነግሬ ተውሁት።

ቀጥሎ የመጣው እግር ነው። አዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 ደቂቃ ያላነሰ ፈጠን ያለ እንቅስቃሴ እንዲያደርግ ይመከራል፤ ይህም በቀን ግማሽ ሰዓት በሳምንት አምስት ቀን ማለት ነው። እኔ የጀመርሁት በከተማችን መካከል፣ ለብዙ ዓመታት አውሮፕላን ያርፍበት በነበረው የሣር ሜዳ ላይ፣ ማለዳ በእግር በመሄድ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ዐሥር ደቂቃ ብቻ ቻልሁ። እንደዚሁም በሳምንት ሁለት ቀን ጡንቻ የሚያበረታ ሥራ ስለሚያስፈልግ፣ ሰው ቀጥሬ አሠራው የነበረውን እንጨት መፍለጥና ጓሮ መቈፈር ራሴ ያዝሁት። ሳይንቀሳቀስ በመራብ ብቻ የሚከሳ ሰው ከስቡ ጋር ጡንቻውንም ያጣልና፣ ክሳትና ብርታት አንድ እንዳይመስሏችሁ።

በየቅዳሜው በመንገድ ዳር ሚዛን ይዘው ከሚቀመጡት ልጆች ዘንድ እመዘን ነበር። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚወርደው ብዙው ውሃ ስለ ሆነ ደስታዬ ፈጠነ፤ ከዚያ በኋላ ግን ሚዛኑ በሳምንት ግማሽ ኪሎ፣ አንዳንድ ጊዜም ምንም አልቀነሰም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ብዬ ታገሥሁ። በፋሲካ ሰሞን ሁለት ኪሎ ተመለሰብኝ፤ ከበዓሉ በኋላ እንደ ገና ጀመርሁ።

ከረኀቡም ከድካሙም ይልቅ ያስቸገረኝ ግን የወዳጅ ኀዘን ነው። በአምስተኛው ወር ጎረቤቶቼ በሹክሹክታ ባለቤቴን ይጠይቋት ጀመር። አንድ ጓደኛዬ «ደመወዝህ አልበቃ ብሎህ ከሆነ ንገረን» አለኝ። አክስቴም ከአገር ቤት መጥተው ቢያዩኝ አንገቴን ይዘው አለቀሱ። እኔም «አክስቴ፣ አያልቅሱ፤ ታምሜ የነበረው ያኔ ነው፤ ዛሬስ እየዳንሁ ነው» አልኋቸው። ወዳጆቼ ሆይ፤ ጎረቤታችሁ ለጤናው ብሎ ሲቀንስ ብታዩት በኀዘናችሁ ወደ ኋላ አትመልሱት። ሳይፈልግና ሳይጥር የከሳ ሰው ግን፣ በተለይም ውሃ የሚጠማውና ሽንት የሚያመላልሰው፣ ሳይዘገይ ይመርመር፤ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውምና። የስኳር ወይም የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰውም ምግቡን ከመቀነሱ በፊት ሐኪሙን ያማክር። በገበያ «ያከሳል» ተብሎ የሚሸጠውን ቅጠልና ክኒን ግን አትመኑ።

ምናልባት «በዚሁ በደቡብ ኦሞ ዝናብ ሲቀር የሚራብ ሕዝብ እያለ ስለ ውፍረት ማውራት አያሳፍርምን?» የሚል ይኖራል። ያሳፍራል። ነገር ግን ረኀብና ጥጋብ የሚያመጣው በሽታ በአንድ አገር ጎን ለጎን ሊኖሩ ይችላሉ፤ የአንዱን መኖር ብንደብቅ ሌላውን አናድነውም።

በዐሥራ አራት ወር ክብደቴ 83 ኪሎ፣ የደም ግፊቴም 130 በ85 ሆነ። ይሁን እንጂ ድል አደረግሁ አልልም። የከሳ ሰውነት የቀድሞውን ክብደቱን እየናፈቀ ረኀብን ያበረታል፤ የቀድሞው ወንበር፣ የቀድሞው ባጃጅና የቀድሞው ማዕድም ዛሬም እየጠሩኝ ናቸው። ስለዚህ የማለዳውን ጉዞ ለአንድ ወቅት ሳይሆን ለዘወትር ይዤዋለሁ።

አድማጮቼ፤ የቦዲን ወጣት ማብቂያ ቀን የሚቈርጡለት ዘመኑና ሽማግሌዎቹ ናቸው። ለእኛ የሚቈርጥልን የለም፤ እኛው ካልቈረጥነው ሕመም ይቈርጠዋል። ስለዚህ ዛሬ ማታ ከመተኛታችሁ በፊት ወገባችሁን ለኩ፤ ቀኑን ቍረጡ፤ ለቤተ ሰባችሁም ንገሩ። እኔና ልጄ ያን ኮረብታ ባለፈው ወር ሳናርፍ ወጣነው፤ ጥያቄዋን ግን ረስታው ነበር። እኔ አልረሳሁትም።