አየሁ፣ ሰማሁ፣ መሰለኝ

 

ፊደል ቆጥራችሁ ማንበብ የጀመራችሁ ሁሉ እንኳን ደስ አላችሁ። ዛሬ የምንነጋገረው ስለ አንድ ጥያቄ ነው። አንድ ነገር እውነት መሆኑን በምን እናውቃለን? እውነቱንስ ከሰው አስተያየት እንዴት እንለየዋለን?

ይህ የሊቃውንት ጥያቄ ብቻ ይመስላል። አይደለም። ሰው የሚያድን ወይም የሚገድል ጥያቄ ነው። እንዴት ቢሉ፣ በቤታችን የደረሰውን ልንገራችሁ።

ያደግሁት ወባ በሚበዛበት ቆላ ነው። በእኛ አገር የበቆሎ እሸት የሚደርሰው መስከረም ላይ ነው። ንዳዱም የሚነሣው በዚያው ሰሞን ነው። ስለዚህ ትልልቆቹ ሰዎች «ወባ የሚያመጣው እሸትና አገዳ ነው» ይሉ ነበር። እኛ ልጆች አገዳ ስንመጥ ከተገኘን አለንጋ ይጠብቀናል።

አንድ ዓመት ታላቅ እኅቴን አተኮሳት፤ አንቀጠቀጣት። «እሸት በልታ ነው፤ ከሆዷ ሲወጣ ይተዋታል» ተባለ። ሆድ የሚያጥብ መድኃኒት ጠጣች። ጤና ጣቢያው የሦስት ሰዓት መንገድ ነበር። ማንም አልወሰዳትም። በስድስተኛው ቀን አረፈች።

በዓመቱ ደግሞ ጡት የሚጠባው ወንድሜ ታመመ። ጎረቤት ተሰብስቦ ያንኑ ቃል ደገመ። «እሸት ነው» አሉ። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። ግን ልጁን እንዳቀፈች እንዲህ ብላ ጠየቀች፦

«ይህ ልጅ ጥርስ አላበቀለም። እሸት በምኑ በላ?»

ሁሉም ዝም አሉ። ኋላ አንዲት ሴትዮ «አንቺ በልተሽ በጡትሽ አልፎበት ይሆናል» አሉ።

«ልጄ ከሞተች ወዲህ እሸት ባፌ አልዞረም» አለች እናቴ። ልጁን አዝላ ሌሊቱን ወደ ጤና ጣቢያ ገሰገሰች። ከጣቱ አንድ ጠብታ ደም ወስደው በማይክሮስኮፕ አዩት። ወባ ነበር። መድኃኒት ተሰጠው። ያ ልጅ ዛሬ የልጆች አባት ነው።

እንግዲህ ልብ በሉ። ጎረቤቶቻችን ዋሽተው ነበር? የለም፣ አልዋሹም። እሸት በሚደርስበት ጊዜ ወባ ይነሣል። ይህን በዓይናቸው አይተዋል። «ስለዚህ እሸት መብላት ወባ ያመጣል» ያሉት ግን ያዩት አይደለም፤ የመሰላቸው ነው። ሁለት ነገሮች አብረው ስለ መጡ ብቻ አንዱ ሌላውን አመጣው ማለት አይደለም። ዶሮ ሲጮኽ ይነጋል። ግን ፀሐይን የሚያወጣት ዶሮው ነው እንዴ?

እንዲህ የተሳሳትነው እኛ ብቻ አይደለንም። በአውሮፓ ለብዙ መቶ ዓመታት የተማሩ ሰዎች ሳይቀሩ ወባ የሚመጣው ከረግረግ ከሚወጣ መጥፎ አየር ነው ይሉ ነበር። በመጽሐፍም ጽፈውት ነበር። ማላሪያ የሚለው ስም ራሱ ከጣልያንኛ የመጣ ሲሆን፣ ትርጉሙ «መጥፎ አየር» ነው። ስለዚህ እናንተ አዲስ አንባቢዎች ይህን ያዙ፦ አንድ ነገር ስለ ተጻፈ ብቻ እውነት አይሆንም።

ታዲያ እውነቱ እንዴት ተገኘ? በማየትና በመፈተን ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1880 ላቬራን የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም አልጀሪያ ውስጥ የበሽተኛ ደም ሲመረምር የወባን ተሕዋስ አየ። በ1897 ሮስ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ሕንድ ውስጥ የበሽተኛ ደም የመጠጠች ትንኝ ሆዷን ከፍቶ ተሕዋሱን አገኘ። ይህን ከማግኘቱ በፊት ሁለት ዓመት ያህል ደክሟል። በ1898 ደግሞ የጣልያን ተመራማሪዎች የወባ ትንኝ ንክሻ በሽታውን ወደ ጤነኛ ሰው እንደሚያስተላልፍ አሳዩ። አንዱ ያገኘውን ሌላው ፈተነው። እውቀት የሚገነባው እንዲህ ነው።

የበቆሎው ነገር ግን በዚህ አላበቃም። በመምህራን ማሠልጠኛ ስማር ያነበብኩት እጅግ አስገረመኝ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2000 የታተመ፣ በአገራችን የተደረገ ጥናት ነው። በቆሎ ሲያብብ ከጫፉ ቢጫ ዱቄት ይረግፋል። ዱቄቱ በአቅራቢያው ባቆረ ውኃ ላይ ይወድቃል። በውኃው ውስጥ ያሉት የወባ ትንኝ እጮች ያን ይመገባሉ። ቶሎና በደንብ ያድጋሉ። አያችሁ? አባቶቻችን በቆሎና ወባ ይገናኛሉ ማለታቸው ከንቱ አልነበረም። የሳቱት መንገዱን ነው። መንገዱ በሆድ ሳይሆን በትንኝ በኩል ነው። ስለዚህ የሽማግሌ ቃል ሲሰማ አይናቅም፤ ሳይጠየቅም አይታለፍም።

«ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት» ይባል የለ! አንድ ነገር ስትሰሙ ወይም ስታነቡ ሦስት ጥያቄ ጠይቁ።

አንደኛ፣ የነገረኝ ሰው በዓይኑ አይቷል? ወይስ ሰምቶ ነው? ወይስ መስሎት ነው?

ሁለተኛ፣ ነገሩን የሚያፈርስ አለ ወይ? ጥርስ ያላበቀለው ወንድሜ ለእናቴ እንዲህ ያለ ማስረጃ ሆናት።

ሦስተኛ፣ ሊፈተን ይችላል? የደም ምርመራው ጭቅጭቁን በአንድ ጠብታ ቆረጠው።

ስንናገርም ቃላችንን እንመዝን። በ1958 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በአገራችን የወባ ወረርሽኝ ተነሥቶ ነበር። 3 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደ ታመመና 150,000 ያህል እንደ ሞተ ይገመታል። «ይገመታል» አልኩ እንጂ «ተቆጥሯል» አላልኩም። ያልተቆጠረውን ተቆጠረ ማለት አይገባም።

አሁን የቤት ሥራ ልስጣችሁ። ደብተራችሁን አውጡ። አንዱን ገጽ በሦስት ክፈሉት። በላዩ ላይ «አየሁ»፣ «ሰማሁ»፣ «መሰለኝ» ብላችሁ ጻፉ። በዚህ ሳምንት ስለ በሽታ፣ ስለ ገበያ፣ ስለ ጎረቤት የምትናገሩትን ሁሉ በየቦታው አስገቡት። «አየሁ» ከሚለው ሥር የሚገባው ጥቂት እንደሚሆን እገምታለሁ። የእኔም እንደዚያው ነበር።

ልጅ ሲያተኩስ ደግሞ ከጎረቤት ጋር መከራከር አያስፈልግም። በዚያው ዕለት ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ያስመርምሩት። ሌሊት በአጎበር ሥር አስተኙት። እሸቱን ግን ይብላ!

ሰላም ሁኑ።