ቤቱ ሲነሣ ሰፈሩስ ወዴት ይሄዳል?

(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ብቸና የተደረገ ንግግር)

የእድራችን ዳኛ «ስለ ሰፈርና ስለ ማዘጋጃ ቤት ጥቂት ነገር አሰሙን» ስላሉን ነው የቆምነው። ጽሑፉን የኮሚቴው አባላት በጋራ ስላሰናዳነው፥ ስሕተት ቢገኝበት ወቀሳው የሁላችንም ነው።

ነገሩን ያለ ምክንያት አላነሣነውም። ከደጀን ተነሥቶ በብቸናና በሞጣ አልፎ ባሕር ዳር የሚገባው መንገድ የሁለታችንም ከተማ እንጀራ ነው። መንገድ ሲሰፋ፥ ገበያ ሲያድግ፥ ዳር ያለው ቤት መነሣቱ አይቀርም። እኛም «መንገድ ይቅርብን» የምንል ሰዎች አይደለንም፤ በሽተኛ በቃሬዛ ስንሸከም ያደግን ነን። የኛ ጥያቄ ቤቱ ከተነሣ በኋላ ሰፈሩ ምን ይሆናል የሚል ነው።

ትልልቆቻችን እንደምታስታውሱት፥ በሐምሌ 1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 47 ሲታወጅ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ፤ እስከ 300 ብር የነበረው ወርኃዊ ኪራይም ተቀነሰ። የቀበሌ ቤት የምንለው ከዚያ የመጣ ነው። በኪራዩ መቀነስ ያረፈም አለ፥ ለፍቶ የሠራውን ቤት ያጣም አለ፤ ሁለቱም ዛሬ እዚሁ ድንኳን ሥር ተቀምጠዋል። ያን ዘመን ለመዳኘት አልተሰበሰብንም። ብቻ ያን ጊዜ ቤቱ ባለቤት ቢለውጥም፥ ሰዎቹ በአብዛኛው እዚያው ጎረቤት ሆነው ቀሩ።

ዛሬ የሚያሳስበን ሌላ ነው። ልጆቻችንና ዘመዶቻችን ካሉበት ካዲስ አበባ የሚመጣውን ወሬ ሁላችንም እንሰማለን። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማት ሲጀመር ፒያሳ ላይ ዶሮ ማነቂያ ፈረሰ፤ በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ ተከተለ። ከካዛንቺስ የተነሣ ብዙ ሰው ገላን ጉራ ገባ፤ የፒያሳውም በየኮንዶሚኒየሙ ተከፋፈለ። አዲሱ ቤት ከድሮው ጭቃ ቤት የሚሻልበት ነገር መኖሩን አንክድም። መጸዳጃ ቤት ከስንቱ አባወራ ጋር ሲጋራ የኖረ ሰው የራሱን ቁልፍ ሲይዝ ደስ ይለዋል፤ ለምን አይለው?

ነገር ግን አንድ የሰማነውን እንንገራችሁ። ከአባሎቻችን የአንዷ እኅት እንዲያ ከፈረሰ ሰፈር ከተነሡት ናቸው። ባለቤታቸው ሲያርፉ በአዲሱ ሕንፃ የጎረቤታቸውን ስም እንኳ ገና አያውቁትም ነበር። የድሮው እድራቸው አባላት በአራቱም ማዕዘን ተበትነዋል፤ ድንኳኑ ታጥፎ አንድ ሰው ዘንድ፥ ሰሐኑና አግዳሚው ሌላ ሰው ዘንድ ነው። ጡሩምባ ነፊው ቢነፋስ ማን ይሰማዋል? በስልክ ተጠራርተው፥ ሁለት አውቶቡስ ቀያይረው ሲደርሱ ሬሳው ወጥቷል። ከሃያ ዓመት በላይ ያለማቋረጥ ያዋጡት ሴትዮ በባላቸው ቀብር ዕለት ንፍሮውን ራሳቸው ቀቀሉ። ይህን ስንሰማ እውነቱን ለመናገር ደነገጥን፤ ማንም ክፉ ሰው አልነበረበትም እኮ!

ሕጉም ነገሩን ጨርሶ አልዘነጋውም። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ከቀድሞው ከ455/1997 ከሚለይባቸው ነገሮች አንዱ፥ ለማኅበራዊ ትስስር መቋረጥም ካሳ እንዲታሰብ ማድረጉ ነው። ማሻሻያ የተደረገበት ስለ ሆነ፥ አቤት ከማለታችን በፊት የመጨረሻውን ቅጂ ማየት ይገባናል። ካሳው ግን የሚታሰበው ለእያንዳንዱ ተነሺ ለየብቻ ነው። በገንዘቡ ድንኳን ይገዛ ይሆናል፤ ችካሉን የሚመታው ጎልማሳ ግን ሌላ ዳርቻ ሰፍሯል። የቀበሌ ቤት ተከራይ ደግሞ ባለይዞታ ስላልሆነ እንደ ቤት ባለቤት አይቈጠርም። በእድር መዝገብ ግን ባለቤትም ተከራይም እኩል ነው።

ስለዚህ መነጋገር ያለብን ቤት ከመለካቱ በፊት ነው። የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 መዋቅራዊ ፕላን ለዐሥር ዓመት እንዲያገለግል፥ ከመጽደቁም በፊት ለሕዝብ ውይይት እንዲቀርብ ያዛል። እኛስ ስብሰባ ሲጠራ ምን እናደርጋለን? «አበል አለው ወይ?» እንላለን፤ ወይ አንድ ሽማግሌ ልከን ወደ ገበያችን እንሄዳለን። ከዚያ ቀይ ቀለም አጥራችን ላይ ሲቀባ እንጮኻለን። ይህ ጥፋት የራሳችን ነው፤ ማዘጋጃ ቤቱን ብቻ አንውቀስ።

ኮሚቴያችን የሚያቀርበው ሐሳብ እንግዲህ ይኸው ነው። የሚነሣ ሰፈር ቢኖር ተለዋጭ ቦታ በዕጣ እየበታተነ ከሚሰጥ፥ በአንድ እድር ያሉት ጎን ለጎን እንዲሰፍሩ፤ ቦታውም ቀብር በእግር የማይደረስበት ሩቅ እንዳይሆን፤ የእድሩ ዕቃ ቤትም በሚነሡት ንብረቶች መዝገብ እንዲገባ በጽሑፍ እንጠይቅ። ከመንግሥት ገንዘብ ብዙ የሚያስወጣ አይመስለንም፤ ዕጣው የሚወጣበትን መንገድ መለወጥ ነው።

ግን «እነማን ናችሁ?» ስንባል የምናሳየው ምንድነው? የኛ መዝገብ ስምና መዋጮ እንጂ የቤት ቁጥር የለውም፤ ማን በራሱ ቤት፥ ማን በቀበሌ ቤት፥ ማን በግለሰብ ኪራይ እንዳለ አይናገርም። የሞጣ እንግዶቻችን ይህን ሁሉ በየቤቱ እየዞሩ መዝግበዋል፤ መዝገባቸውንም ይዘው መጥተዋል። ከምሳ በኋላ በጸሐፊያችን ጠረጴዛ ላይ ይገኛል፤ በየመንደሩ የሚዞሩ ሁለት ሁለት ሰዎችም እዚያው ስማቸውን ያስመዝግቡ።